ቀማሹም ሻጩም አንድ ሲሆን፤ ለሕክምና ተማሪዎች የንግድ ሥነ ምግባርን ስለ ማስተማር

መግቢያ

ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ዲላ በተለይ በሁለት ነገር ትታወቃለች፤ ይኸውም በቡና ገበያዋና በከፍተኛ ትምህርት ተቋሟ ነው። የይርጋ ጨፌ፣ የወናጎ፣ የኮቸሬና የገደብ ቡና በዙሪያዋ ይመረታል። እ.ኤ.አ. በ1996 በከተማዋ የተቋቋመው ኮሌጅ ደግሞ ከመነሻው የመምህራን ትምህርትና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ የሚል ጥምር ስም ይዞ ሥራውን ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2000 ከአዋሳ የእርሻ ኮሌጅና ከወንዶ ገነት የደን ኮሌጅ ጋር ተዋሕዶ የደቡብ ዩኒቨርሲቲ አካል ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ራሱን የቻለ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ለመሆን በቃ። ዛሬ ተቋሙ የራሱ ሪፈራል ሆስፒታል ያለው የሐኪሞች ማሠልጠኛ ጭምር ነው።

መምህሩና የጤና ባለሙያው በአንድ ተቋም ሥር መሠልጠናቸው ተራ የአስተዳደር ጉዳይ መስሎ ሊታይ ይችላል። ይሁን እንጂ ሁለቱን ሙያዎች የሚያስተሳስር አንድ ጠባይ አለ። ይኸውም ተገልጋዩ የሚቀበለውን አገልግሎት ጥራት በራሱ መመዘን አለመቻሉ ነው። ተማሪው ያልተማረውን፣ ሕመምተኛውም ያልተነገረውን አያውቅም። ስለሆነም የሁለቱም ሙያዎች ሥራ በእምነት ላይ የቆመ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ገንዘብና ሕክምና በሚገናኙበት ቦታ የሚነሡትን የሥነ ምግባር ጥያቄዎች ለወደፊት ሐኪሞች እንዴት ማስተማር እንደሚቻል ማስረዳት ነው። ጽሑፉ የሚያተኩረው በዲላና በጌዴኦ ዞን ሁኔታ ላይ ነው፤ ነገር ግን የሚቀርበው ሐሳብ ለሌሎችም የሀገራችን የሕክምና ትምህርት ቤቶች፣ እንዲሁም ለመምህራን ማሠልጠኛ ተቋማት እንደሚያገለግል ይታመናል።

1. የሐኪም ሥራ ከሌላው ንግድ የሚለየው በምንድን ነው?

ጉዳዩን ለማብራራት የጌዴኦ ገበሬ በሚገባ ከሚያውቀው ከቡና ንግድ መነሣት ይጠቅማል። እሸት ቡናውን ለሰብሳቢ የሚሸጥ ገበሬ ሚዛኑን በዓይኑ ያያል፤ የዕለቱን ዋጋ ከጎረቤቱ ይጠይቃል፤ ካልተስማማው ወደ ሌላ ሰብሳቢ ይሄዳል። ቡናው ከገበሬው እጅ ወጥቶ ወደ ትልቁ ገበያ ሲደርስ ግን ጥራቱ በዓይን ብቻ የማይታወቅ ይሆናል። ስለዚህም ቡና ቀማሽ የሚባል ባለሙያ ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ግብይት ጀምሮ በ2001 ዓ.ም. ቡናን ሲጨምር፣ ዲላ ከቡና መቀበያና ደረጃ መመደቢያ ማዕከላት አንዷ ሆነች። የአሠራሩ መሠረተ ሐሳብ ግልጽ ነበር። ናሙናው በምሥጢር ቁጥር ይቀርባል፤ ቀማሹም የማን ቡና እንደሆነ ሳያውቅ ደረጃውን ይወስናል። ከደረጃው ከፍ ማለት የሚጠቀም ሰው ደረጃውን ራሱ እንዳይሰጥ የቡና ንግድ ከረጅም ልምድ ተምሯል።

አሁን ይኸው ገበሬ ታሞ ወደ ክሊኒክ ገባ እንበል። ሐኪሙ ይመረምረዋል፤ የትኛው የላቦራቶሪ ምርመራ እንደሚያስፈልግ ይወስናል፤ ምርመራውም በዚያው ክሊኒክ ይሠራል፤ ከዚያ መድኃኒት ይታዘዛል፤ መድኃኒቱም ብዙ ጊዜ ከቅርብ ይገዛል። እዚህ ላይ ስለ ፍላጎቱ የሚፈርደውና ፍላጎቱን በገንዘብ የሚያሟላው አንድ ሰው ነው። በቡና ገበያ ቋንቋ ብንናገር ቀማሹም ሻጩም ሐኪሙ ነው።

ከዚህም በላይ ገዢው ከገዛ በኋላ እንኳ የገዛውን ነገር መመዘን ያዳግተዋል። ብዙ ሕመም በራሱ ጊዜ ይሽራል፤ እንዲህ ሲሆን የማያስፈልግ መድኃኒት የፈዋሽነት ክብር ያገኛል። አንዳንዱ ሕመም ደግሞ በትክክል ታክሞም አይሽርም፤ እንዲህ ሲሆን ሐቀኛው ሐኪም ይወቀሳል። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ኬኔት አሮው እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተመው የታወቀ ጥናት የሕክምና ገበያ ከሌላው ገበያ የሚለየው በዚህ የዕውቀት አለመመጣጠንና ውጤቱ እርግጠኛ ባለመሆኑ መሆኑን አስረድቷል። ሕመምተኛው ራሱን ከሻጭ ለመጠበቅ የሚያስችለው ዕውቀት ስለሌለው፣ ኅብረተሰቡ ከሐኪሙ የሚጠብቀው ጠባይ ከነጋዴ ከሚጠበቀው የጠበቀ ነው።

በሀገራችን «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ይህ አባባል ሕመምተኛውን ገላውንም ምሥጢሩንም ለሐኪሙ እንዲገልጥ ያዘዋል። በሌላ ገበያ ግን ገዢ ለሻጭ ችግሩንና ኪሱን ገልጦ አያሳይም። ስለዚህ ሐኪሙ በእምነት የተገለጠለትን ችግር ለገበያ ካዋለው የሚጎዳው አንድ ሕመምተኛ ብቻ አይደለም፤ ሰው ሕመሙን እንዲናገር የሚያደርገው ልማድ ራሱ ይፈርሳል።

የጌዴኦ ገበሬ የገንዘብ ዘመንም ከግምት መግባት አለበት። የቡና ለቀማ በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ስለሚካሄድ ገንዘብ በቤት የሚታየው በዚያን ጊዜ ነው። ሕመም ግን የለቀማ ወር አይጠብቅም። በክረምት ለማያስፈልግ ምርመራ የተከፈለ ብር በብድር የተገኘ፣ ወይም ከከብት ሽያጭ የመጣ፣ ወይም ገና ላልደረሰ ቡና በቅናሽ የተቀበሉት ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ በወረቀት ላይ የሚጽፋት አንዲት መስመር በገበሬው ጓሮ የዓመት ድካም ልትሆን ትችላለች። የትምህርቱ ክብደት የሚመነጨው ከዚህ ነው።

2. ጥያቄው በዘመናችን ለምን ጎላ?

በሀገራችን ዘመናዊ የጤና ባለሙያ ሥልጠና በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲጀመር፣ የሕክምና ፋኩልቲም በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1964 ሲከፈት፣ ተመራቂው የሚጠብቀው የመንግሥት ሥራ ነበር። በዘመነ ደርግ የግል ሕክምና ይበልጥ ጠበበ። ስለዚህም ለረጅም ጊዜ የሕክምና ሥነ ምግባር ትምህርት ያተኮረው ምሥጢር በመጠበቅ፣ የሕመምተኛን ፈቃድ በመጠየቅና በሕይወትና በሞት ጉዳዮች ላይ ነበር። ስለ ዋጋ፣ ስለ ኮሚሽንና ስለ ባለድርሻነት የሚናገርበት ምክንያት ብዙም አልነበረውም።

ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ የግል ክሊኒኮች፣ ሆስፒታሎችና መድኃኒት ቤቶች በስፋት ተከፈቱ። በ1990 ዓ.ም. የወጣው የጤና ፋይናንስ ስትራቴጂም የመንግሥት የጤና ተቋማት የሰበሰቡትን ገቢ ለአገልግሎት ማሻሻያ እንዲጠቀሙበት፣ በሆስፒታሎችም ውስጥ የግል ክንፍ እንዲከፈት መንገድ ጠርጓል። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ደግሞ በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች ሙከራው ተጀምሮ ከዚያ ወዲህ ተስፋፍቷል። በእነዚህ ለውጦች ብዙ ጥቅም ተገኝቷል፤ ሆኖም የዛሬው ወጣት ሐኪም ከምርቃቱ ማግሥት ጀምሮ ተቀጣሪም፣ ባለክሊኒክም፣ ባለአክሲዮንም፣ የመድን ሰነድ ፈራሚም ሊሆን የሚችል ሰው ሆኗል። ለነዚህ ኃላፊነቶች ካልተዘጋጀ ልምዱን የሚቀስመው ከገበያው ብቻ ይሆናል።

ሕጉ ይህን ጉዳይ ችላ አላለውም። በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 661 እና በ2006 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 299 ስለ ጤና ባለሙያዎች ቁጥጥርና የሙያ ሥነ ምግባር ድንጋጌዎችን ይዘው ነበር የወጡት። በዓለም አቀፍ ደረጃም የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1988 የመድኃኒት ማስተዋወቅ የሥነ ምግባር መመዘኛዎችን አጽድቋል። የዓለም ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 ያሻሻለው ዓለም አቀፍ የሕክምና ሥነ ምግባር ደንብ ደግሞ ሐኪም ለራሱም ሆነ ለተቋሙ በሚገኝ ጥቅም ሙያዊ ፍርዱን እንዳያዛባ፣ የጥቅም ግጭትን እንዲሸሽ፣ ሊሸሸው ያልቻለውንም አስቀድሞ እንዲገልጽ ያዛል።

ሆኖም ሕግ የሚደርሰው በታወቀ ጥፋት ላይ ነው። በምርመራ ክፍል ውስጥ «ይህ ምርመራ ያስፈልጋልን?» የሚለውን ጥያቄ የሚመልሰው ሐኪሙ ብቻ ስለሆነ ተቆጣጣሪው ከበሩ ውጭ ይቀራል። በዚያ ክፍል ውስጥ አብሮት የሚገባው የተማረው ነገር ብቻ ነው።

3. የትምህርቱ ዓላማ

ራልፍ ታይለር እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተመው መጽሐፍ የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጅ አራት ጥያቄዎችን እንዲመልስ ያሳስባል። እነሱም ዓላማው ምንድን ነው? ወደ ዓላማው የሚያደርሱ የትምህርት ልምዶች የትኞቹ ናቸው? ልምዶቹ እንዴት ይደራጃሉ? ዓላማው መድረሱስ በምን ይታወቃል? የሚሉ ናቸው። እኛም በዚሁ ቅደም ተከተል እንሄዳለን።

በመጀመሪያ ዓላማው ንግድን ማውገዝ አይደለም። የዲላና የይርጋ ጨፌ ኑሮ የቆመው በንግድ ላይ ነው፤ ዋጋውን አስቀድሞ የሚናገር፣ ደረሰኝ የሚሰጥ፣ ለሠራተኞቹ ደመወዝ በወቅቱ የሚከፍል፣ ጊዜ ያለፈበትን መድኃኒት ከመደርደሪያው የሚያወርድ ባለክሊኒክ ለኅብረተሰቡ በረከት ነው። ገንዘብ መቀበል ነውር እንደሆነ የሚሰብክ ትምህርት ተማሪውን ወይ ግብዝ ያደርገዋል፣ ወይም ትምህርቱን በሙሉ እንዲንቅ ያደርገዋል።

ዓላማው ሠልጣኙ ሦስት ችሎታዎችን እንዲያዳብር ነው፦

ሀ) የሚፈርደው ማንነቱና የሚሸጠው ማንነቱ የተገናኙበትን ጊዜ ለይቶ ማወቅ፤

ለ) በዚያ ጊዜ ለሕመምተኛው ምን መናገር፣ ምን ማድረግና ምን መመዝገብ እንዳለበት ማወቅ፤

ሐ) ከባልደረባ፣ ከአሠሪ ወይም ከመድኃኒት አስተዋዋቂ የሚመጣን ግፊት በጨዋነት መቃወም መቻል።

ከሦስቱ ፊተኛው እጅግ ከባዱ ነው። ብዙ ሰው ክፉ ለማድረግ ወስኖ አይነሣም። «ምርመራው ቢደረግ ምን ይጎዳል?» ብሎ ይጀምራል፤ ጥቅሙም ቀስ በቀስ ፍርዱን ይገራዋል። ስለዚህ ሠልጣኙ ይህን የውስጥ እንቅስቃሴ በራሱ ላይ ማስተዋልን መለማመድ አለበት።

4. የትምህርት ልምዶች

እንዲህ ያለው ችሎታ በገለጻ ብቻ አይገኝም። ተማሪው ጉዳይ ቀርቦለት መወሰንና ውሳኔውን ማስረዳት አለበት። ከዚህ በታች የቀረቡት ጉዳዮች ለማስተማሪያነት የተዘጋጁ ምሳሌዎች ናቸው፤ መምህሩ እንደ አካባቢው ሁኔታ ሊለውጣቸው ይችላል።

ጉዳይ አንድ፦ ከቡሌ ደጋ የመጣ ገበሬ በመንግሥት ሆስፒታል ይታያል። የአልትራሳውንድ ቀጠሮው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ሐኪሙ ማታ በሚሠራበት የግል ክሊኒክ ግን ዛሬውኑ ሊታይ ይችላል። ሐኪሙ ዝም ቢል ሕመምተኛው አማራጩን አያውቅም፤ ቢናገር ለራሱ ገበያ እንደ መጥራት ይሆንበታል። ተማሪዎቹ የሚከተሉትን ጥያቄዎች ይወያዩባቸዋል። ሁለት ሳምንት መጠበቅ ሕመምተኛውን ይጎዳዋልን? ክሊኒኩ የሌላ ሰው ቢሆን ሐኪሙ ይህንኑ ምክር ይሰጥ ነበርን? በከተማዋ ሌሎች አገልግሎቱን የሚሰጡ ቦታዎች አብረው ተጠቅሰዋልን? ሐኪሙ በክሊኒኩ እንደሚሠራ ተናግሯልን?

ጉዳይ ሁለት፦ አንድ ላቦራቶሪ ለሚላክለት ሕመምተኛ ሁሉ ከክፍያው 20 በመቶ ለሐኪሙ ሊሰጥ ይጠይቃል። ተማሪዎቹ ስሌቱን በሰሌዳ ላይ እንዲሠሩ ይደረጋል። የምርመራው ዋጋ 400 ብር ነው ብንል የሐኪሙ ድርሻ 80 ብር ይሆናል። ከተላኩት አሥር ሰዎች ሁለቱ ምርመራው ባያስፈልጋቸው፣ ሁለቱ ገበሬዎች 800 ብር በከንቱ ከፍለዋል፤ ሐኪሙ ከነሱ ያገኘው ግን 160 ብር ብቻ ነው። ለአንድ ብር ጥቅም አምስት ብር ከሕመምተኛ ኪስ ወጥቷል ማለት ነው። ቀሪዎቹ ስምንት ሰዎችም ቢሆኑ ለሐኪሙ የሚሰጠው 80 ብር በተጨመረበት ዋጋ ከፍለው ሊሆን ይችላል። ይህ ስሌት ከብዙ ምክር ይልቅ ነገሩን ያስረዳል።

ጉዳይ ሦስት፦ የመድኃኒት አስተዋዋቂ ስጦታ ይዞ ይመጣል፤ በውድ ዋጋ የሚሸጠውን የድርጅቱን መድኃኒት በንግድ ስሙ እንዲያዝለትም ሐኪሙን ይለምነዋል። ያው መድኃኒት በሳይንሳዊ ስሙ በርካሽ ይገኛል። እዚህ ላይ ከውጭው ዓለም አንድ እውነተኛ ምሳሌ መጨመር ይቻላል። በአሜሪካ ፐርዱ ፋርማ የተባለው ድርጅት ኦክሲኮንቲን ስለሚባለው የሕመም ማስታገሻ ባደረገው አሳሳች ማስተዋወቅ ምክንያት ከድርጅቱ አንዱ ክፍል እ.ኤ.አ. በ2007 በፍርድ ቤት ጥፋተኝነቱን አምኗል፤ ድርጅቱ ራሱም እ.ኤ.አ. በ2020 በሌሎች ወንጀሎች እንደገና አምኗል። የሀገሪቱ ሕግ አውጪም መድኃኒትና የሕክምና መሣሪያ አምራቾች ለሐኪሞች የሚሰጡትን ክፍያና ስጦታ እንዲያስታውቁ የሚያስገድድ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2010 አውጥቷል። ተማሪው ከዚህ የሚረዳው ትንሽ ስጦታ ያለ ምክንያት እንደማይሰጥ ነው።

ጉዳይ አራት፦ የጤና መድን አባል የሆነች እናት አባል ያልሆነ የጎረቤቷን ልጅ ይዛ ትመጣለች። «በልጄ ስም ጻፍልኝ» ትላለች። እዚህ ሐኪሙን የሚፈትነው ስስት ሳይሆን ርኅራኄ ነው። ይሁን እንጂ የመድኑ ገንዘብ የብዙ ድሆች መዋጮ ነው፤ የሌላ ልጅ ሕመም በዚህኛው ልጅ መዝገብ ላይ መጻፉም ወደፊት የሕክምና ስሕተት ሊያስከትል ይችላል። ተማሪዎቹ ልጁ ሳይታከም የማይመለስበትን፣ መዝገቡም የማይዋሽበትን መንገድ እንዲፈልጉ ይጠየቃሉ። ለምሳሌ አቅም ለሌላቸው የሚሰጠውን የነፃ ሕክምና ማስረጃ ከቀበሌ እንዴት ማግኘት እንደሚቻል ማሳየት ከሐኪሙ ይጠበቃል።

ጉዳይ አምስት፦ በነሐሴ ወር አንድ ገበሬ ለሕክምናው የሚከፍለው ስለሌለው ለባለክሊኒኩ ሐኪም «ለኅዳር ቡና ልስጥህ» ይላል። ክፍያውን ማዘግየት መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን የቡናው ዋጋ ዛሬ በሕመም ጊዜ ከተቆረጠ ሐኪሙ ከታመመ ሰው ጋር የቡና ንግድ ገብቷል። የተጨነቀ ሰው የሚስማማበት ዋጋ ነፃ ስምምነት ነው ሊባል ይችላልን? ዕዳው በብር ተጽፎ ገበሬው ቡናውን በወቅቱ ዋጋ ሸጦ ቢከፍልስ ምን ልዩነት አለው? የጌዴኦ ልጆች የሆኑ ተማሪዎች በዚህ ጉዳይ ላይ ከመምህራቸው የበለጠ ዕውቀት ሊኖራቸው ይችላል፤ ይህንንም ዕውቀት ለክፍሉ ማካፈላቸው የትምህርቱ አካል ነው።

ስለ ውይይቱ ሥርዓት የአካባቢው ባህል አርአያ ይሰጠናል። በጌዴኦ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ጉዳይ በሚያዩበት በሶንጎ ሁለቱም ወገኖች በትዕግሥት ይደመጣሉ፤ ስምምነትም ይፈለጋል። የመማሪያ ክፍሉ በዚህ ሥርዓት ቢመራ፣ ተማሪዎች የሐኪሙን፣ የሕመምተኛውን፣ የባለክሊኒኩንና የመድን ጽሕፈት ቤቱን ቦታ ይዘው እንዲናገሩ ቢደረግ፣ አልፎ አልፎም የአካባቢ ሽማግሌዎች ተጋብዘው ቢያዳምጡና ቢጠይቁ፣ ተማሪው ውሳኔውን ሕክምና ላልተማረ ሰው ማስረዳትን ይለማመዳል። ሕክምና ላልተማረ ሰው ሊብራራ የማይችል ክፍያ ብዙ ጊዜ ሊጠየቅ የማይገባው ክፍያ ነው።

ከዚሁ ጋር የቋንቋ ጉዳይ አለ። ወደ ዲላ የሚመደቡ ተማሪዎች ከልዩ ልዩ የሀገሪቱ ክፍሎች የሚመጡ ስለሆኑ ብዙዎቹ ጌዴኡፋ አይናገሩም። ዋጋና አማራጭ በአስተርጓሚ ሲነገር፣ አስተርጓሚው ዘመድ ወይም በአጠገብ የተገኘ ሠራተኛ ሲሆን፣ ከመልእክቱ የሚጎድል ይኖራል። ስለዚህ ሠልጣኙ ቢያንስ ስለ ዋጋ፣ ስለ አማራጭና ስለ መጠበቅ የሚጠቅሙ ዓረፍተ ነገሮችን በአካባቢው ቋንቋ ቢማር ከትምህርቱ ጋር የሚሄድ ነው።

5. አደረጃጀት

ትምህርቱን በመጀመሪያው ዓመት እንደ አንድ ኮርስ ሰጥቶ መጨረስ ተማሪው ገና ሕመምተኛ ሳያይ መልሱን እንዲያጠና ማድረግ ነው። በመጨረሻው ዓመት ብቻ መስጠትም ልማድ ከሥር ከያዘ በኋላ እንደ መምጣት ይቆጠራል። የሚሻለው ከዓመት ወደ ዓመት እየሰፋ የሚመለስ አደረጃጀት ነው።

በመነሻ ዓመታት የሕክምና ገበያ ጠባይ፣ የሀገሪቱ የጤና ፋይናንስ አሠራርና የሕጉ ድንጋጌዎች ይሰጣሉ። ተማሪው ወደ ሕሙማን ክፍል በሚገባባቸው ዓመታት ከላይ የተገለጹት ዓይነት ጉዳዮች ከእያንዳንዱ የሕክምና ዘርፍ ጋር ተያይዘው ይቀርባሉ፤ ለምሳሌ የኮሚሽኑ ጉዳይ የላቦራቶሪ ምርመራ ማዘዝን በሚማርበት ጊዜ፣ የአስተዋዋቂው ጉዳይ ስለ መድኃኒት አስተዛዘዝ በሚማርበት ጊዜ መቅረብ ይገባዋል። በኢንተርንነት ዓመት ደግሞ ሠልጣኙ በሥራው ላይ ያጋጠመውን ጉዳይ የማንንም ስም ሳይጠቅስ ጽፎ በአነስተኛ ቡድን ያቀርባል። በዚሁ ዓመት የክሊኒክ ሒሳብ አያያዝ፣ የፈቃድ፣ የግብርና የሠራተኛ ቅጥር ሥርዓት ቢጨመር መልካም ነው፤ ሒሳቡን የማያውቅ ባለክሊኒክ ኪሳራውን በሕመምተኛው ላይ ለመጫን ይፈተናልና።

መምህሩን በተመለከተ ትምህርቱ ለአንድ የሥነ ምግባር መምህር ብቻ መተው የለበትም። አንድ የሕክምና መምህርና አንድ የሒሳብ አያያዝ ወይም የሕግ መምህር በጋራ ቢያስተምሩት ይመረጣል። በዲላ ይህን ቅንጅት ለመፍጠር የሚያስፈልጉት የትምህርት ክፍሎች በአንድ ዩኒቨርሲቲ ሥር መገኘታቸው ሥራውን ያቀለዋል።

6. ግምገማ

በጽሑፍ ፈተና «ኮሚሽን መቀበል ተገቢ ነውን?» ብሎ መጠየቅ የሚለካው ተማሪው ፈታኙ የሚፈልገውን መልስ ማወቁን ብቻ ነው። ክራትዎልና የሥራ ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ1964 እንዳብራሩት፣ በዝንባሌና በስሜት መስክ ትምህርት ከመቀበል ተነሥቶ ምላሽ ወደ መስጠት፣ ዋጋ ወደ መስጠት፣ እሴቶችን ወደ ማደራጀት፣ በመጨረሻም የሰውየው ጠባይ ወደ መሆን የሚሄድ ደረጃ አለው። ስለዚህ ግምገማው ተግባርን ማየት አለበት።

ለዚህ የሚያመች መሣሪያ አለ። ሮናልድ ሃርደንና ባልደረቦቹ በስኮትላንድ እ.ኤ.አ. በ1975 ያስተዋወቁት የተግባር ፈተና ተማሪውን በተለያዩ ጣቢያዎች እያዘዋወረ የሚመዝን ሲሆን፣ በየጣቢያው እንደ ሕመምተኛ የሚተውን ሰው ሊቀመጥ ይችላል። ከጣቢያዎቹ አንዱ ስለ ገንዘብ ቢሆን ፈታኙ በአራት ነጥቦች ይመዝናል፦ ተማሪው ዋጋውን ከምርመራው በፊት ተናግሯልን? የራሱ ጥቅም ካለበት ገልጿልን? ሌላ አማራጭ፣ መጠበቅንም ጨምሮ፣ አቅርቧልን? ሕመምተኛው የተነገረውን መረዳቱን በራሱ አንደበት እንዲናገር በማድረግ አረጋግጧልን? እነዚህ አራት ነጥቦች የሚታዩና የሚቆጠሩ ስለሆኑ በፈታኞች መካከል ብዙ ልዩነት አያስነሡም።

7. ስውሩ ሥርዓተ ትምህርት

ፊልፕ ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ1968 ስለ መማሪያ ክፍል ሕይወት በጻፈው መጽሐፍ በመርሐ ግብር ያልተጻፈ፣ ነገር ግን ተማሪው በየዕለቱ የሚማረው ስውር ሥርዓተ ትምህርት እንዳለ አመልክቷል። ሃፈርቲና ፍራንክስ እ.ኤ.አ. በ1994 ይህንኑ ሐሳብ ወደ ሕክምና ትምህርት አምጥተው፣ ተማሪው ሥነ ምግባርን በአብዛኛው የሚማረው በአዳራሽ ሳይሆን በኮሪደርና በሕሙማን አልጋ አጠገብ ከሚያየው መሆኑን አሳይተዋል።

ይህ ለእኛም እውነት ነው። ተማሪው ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት ባዶ አእምሮ ይዞ አይመጣም፤ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን አባባል እየሰማ ያደገ ነው። በማለዳ ስለ ጥቅም ግጭት ተምሮ ከሰዓት በኋላ አንድ አንጋፋ ሐኪም ሕመምተኛን ሳያስረዳ ወደ ራሱ ክሊኒክ ሲልክ ቢያይ የሚያምነው ያየውን ነው። ስለሆነም የማስተማሪያ ሆስፒታሎች ሐኪሞቻቸው በሌላ ተቋም ያላቸውን ሥራና ድርሻ የሚያስመዘግቡበት፣ የአገልግሎት ዋጋ በግልጽ የሚለጠፍበት፣ ሪፈራልም ምክንያቱ ተጽፎ የሚሰጥበት አሠራር ሊኖራቸው ይገባል። ይህ አሠራር ራሱ ትምህርት ነው።

ከዚህ ጋር ሊሸፈን የማይገባው እውነት አለ። በ2011 ዓ.ም. እና በ2017 ዓ.ም. ሐኪሞችና ሌሎች የጤና ባለሙያዎች ስለ ደመወዝና ስለ ሥራ ሁኔታ ያነሡት ጥያቄ በሀገሪቱ ሁሉ ተሰምቷል። በደመወዙ ቤት ኪራይ ከፍሎ መኖር ለተቸገረ ወጣት ሐኪም የሥነ ምግባር ትምህርት እንጀራ ሊሆነው አይችልም። ትምህርቱ የተገቢ ክፍያ ምትክ ተደርጎ ከቀረበ ተማሪው ይታዘበዋል። በአንጻሩ ደግሞ ደመወዝ ማነሱ ከገበሬው ላይ ማካካስን አይፈቅድም፤ ገበሬው ደመወዙን የወሰነ ሰው አይደለምና። ሁለቱ እውነቶች ለተማሪው አንድ ላይ ሊነገሩት ይገባል።

8. ለመምህራን ማሠልጠኛ ተቋማት የሚኖረው ትርጉም

በመግቢያው እንደተመለከተው የመምህሩም ሙያ ይህንኑ ጠባይ ይጋራል። ቀን በክፍል የሚያስተምራቸውን ተማሪዎች ማታ በክፍያ የሚያስጠና፣ ፈተናውንም የሚያወጣና የሚያርም መምህር ፈራጅም ሻጭም ሆኗል። ተማሪው የደከመው በራሱ ምክንያት ይሁን ወይም ትምህርቱ ለማታው ክፍለ ጊዜ ተቆጥቦበት፣ ወላጅ ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ ከላይ የቀረቡት የጉዳይ ጥናቶችና መመዘኛዎች በመጠኑ ተሻሽለው ለዕጩ መምህራን ሊያገለግሉ ይችላሉ። እንዲያውም ዕጩ መምህራንና የሕክምና ተማሪዎች በአንድ ዩኒቨርሲቲ በሚማሩበት ቦታ ጥቂት ክፍለ ጊዜዎች በጋራ ቢሰጡ፣ እያንዳንዱ ወገን በራሱ ሙያ የማይታየውን ጉድፍ በሌላው ሙያ ውስጥ ቶሎ ያየዋል።

ማጠቃለያ

የቡና ንግድ በቀማሹና በሻጩ መካከል ግድግዳ ማቆምን መርጧል። በሕክምና ውስጥ ግን ይህን ግድግዳ በሙሉ ማቆም አይቻልም፤ የሚመረምረው ሰው የሚያክመውም ሰው ነውና። ግድግዳው በሐኪሙ አእምሮ ውስጥ መሠራት አለበት፤ ይህም ሥራ የትምህርት ሥራ ነው።

ለዕቅድ አውጪዎች የሚቀርበው ሐሳብ በአጭሩ የሚከተለው ነው። የንግድ ሥነ ምግባር በየዓመቱ እየሰፋ ከሕክምና ትምህርቱ ጋር ተጣምሮ ይሰጥ፤ በአካባቢ ኑሮ ላይ በተመሠረቱ ጉዳዮች ይቅረብ፤ በተግባር ፈተና ይመዘን፤ የማስተማሪያ ሆስፒታሎች አሠራርም ከትምህርቱ ጋር ይስማማ። ለዚህ አዲስ ሕንፃም ሆነ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው የተዘጋጀ መምህር፣ የተመረጡ ጉዳዮችና አንዲት ጥያቄ በየጊዜው የመጠየቅ ልማድ ነው፤ ይኸውም «ከዚህ ውሳኔ ምንም የማላገኝ ብሆን ኖሮ ይህንኑ አዝዝ ነበርን?» የምትል ናት። ሠልጣኙ ይህችን ጥያቄ ራሱን መጠየቅ ልማድ አድርጎ ከተመረቀ፣ በክረምት ከቡሌ የሚመጣው ገበሬ ላልደረሰ ቡናው የተቀበለውን ብር ለሚያስፈልገው ነገር ብቻ እንደሚከፍል ተስፋ ማድረግ ይቻላል።